ለመክሰርም ገንዘብ ያስፈልጋል

ዛሬ የማወጋችሁ በኒውዮርክ ከተማ ይኖር ስለነበረ አንድ ባለዕዳ ነው። ዘመኑ 1971 ነው፤ በዚህ ትረካ የምጠራው ዓመት፣ ወርና ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። ሰውየው በሕግ መዝገብ ክራስ ተብሎ ይታወቃል። ሥራው የኢንሹራንስ ወኪልነት ነበር። በየደንበኛው ቤት እየዞረ አረቦን ይሰበስባል፣ የሰበሰበውን ለድርጅቱ ያስገባል። ታዲያ የሰበሰበው ገንዘብ ከቤቱ ተሰረቀ። ጉድለቱን መተካት አቃተው፤ ከሥራ ተባረረ።

ከ1969 ግንቦት ወዲህ አልፎ አልፎ ከምትገኝ ትንሽ ሥራ በቀር ቋሚ እንጀራ አላገኘም። የቀድሞ አሠሪው የሚሰጠው ምስክርነት መጥፎ ስለነበረ፣ በሄደበት ሁሉ በሩ ይዘጋበታል። መኖሪያው ሁለት ክፍል ተኩል ናት። በዚያች ውስጥ እሱና ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እናቱ፣ የእናቱም ትንሽ ልጅ፣ በጠቅላላው ስድስት ነፍስ ይኖራል። ከልጆቹ ታናሹ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ በጠና ታሞ ሆስፒታል ይታከማል። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በመንግሥት ድጎማ ነው፦ ለእሱ ቤት 210፣ ለእናቱ 156፣ በድምሩ በወር 366 ዶላር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት ተከፍሎ የሚተርፍ ሳንቲም የለም። ንብረቱ የለበሰው ልብስና 50 ዶላር የሚያወጣ የቤት ዕቃ ነው። አንድ አሮጌ ሶፋ ደግሞ በኪራይ ማከማቻ ተቀምጦለታል፤ እሱም በየወሩ 6 ዶላር ይበላል።

ዕዳው 6,428 ዶላር ከ69 ሳንቲም ነበር።

እንግዲህ በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ላለው ሰው የተከፈተ አንድ በር አለ። ባንክራፕሲ ይሉታል፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ያለህን፣ የሌለህን፣ የምታገኘውን፣ የምትከፍለውን በመሐላ ትጽፋለህ፤ ሕጉ ከሚተውልህ በላይ ንብረት ካለህ ተሸጦ ለባለገንዘቦች ይከፋፈላል፤ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል። ክራስም ይህን በር ሊያንኳኳ ሄደ። በሩ ላይ የጠበቀው ሕግ ግን መዝገብ ለመክፈት 50 ዶላር ይከፈላል የሚል ነበር። በአንድ ጊዜ ካልቻልክ በስድስት ወር፣ ቢበዛ በዘጠኝ ወር ከፋፍለህ ክፈል፤ እስክትጨርስ ግን ዕዳህ አይሰረዝም።

ክራስ በነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጡ ጠበቆች አማካይነት ለፍርድ ቤቱ ያቀረበው አቤቱታ ቀላል ነበር። እኔ የመጣሁት ገንዘብ እንደሌለኝ ላስመዘግብ ነው፤ ገንዘብ የለህም ተብዬ ልመለስ አይገባም፤ ያለ ክፍያ መዝገቤ ይከፈትልኝ የሚል ነው። ነገሩ ከሰማይ የወረደ አዲስ ሐሳብም አልነበረም። የ1898ቱ የባንክራፕሲ ሕግ ድሃ መሆኑን በመሐላ የሚያረጋግጥ ሰው ያለ ክፍያ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ያንን ፈቃድ የሻረው በ1946 የወጣ ሕግ ነው። ደግሞም ክራስ አቤቱታውን ባቀረበበት በዚያው 1971፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለፍቺ መክፈል ያቃታቸውን የኮነቲከት ድሆች ያለ ክፍያ እንዲፋቱ ፈቅዶ ነበር። ብሩክሊን በሚባለው የከተማው ክፍል የሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ዳኛ የክራስን ነገር ሰምቶ ፈረደለት። መንግሥት ግን ይግባኝ አለ፤ ነገሩ ዋሽንግተን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ።

ጥር 10 ቀን 1973 ፍርዱ ተነበበ። አምስት ለአራት። ክራስ ተረታ።

የአምስቱን ዳኞች ፍርድ የጻፈው ሃሪ ብላክመን ነበር። ፍቺ የሚፈልግ ሰው ከፍርድ ቤት በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ ባለዕዳ ግን ከአበዳሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ ሊስማማ ይችላል፤ ዕዳን ማሰረዝም በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ መብት አይደለም አለ። እዚህ ድረስ የሕግ ሰው ክርክር ነው፤ ሰው ይስማማበታል፣ አይስማማበትም። ቀጥሎ ግን ሒሳብ ሠራ። 50 ዶላሩ በዘጠኝ ወር ቢከፋፈል በሳምንት 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ሲኒማ መግቢያ ያነሰ፣ ከአንድና ሁለት ፓኮ ሲጋራ ዋጋ ብዙም የማይበልጥ ነው ብሎ ጻፈ። ስድስት ነፍስ በሁለት ክፍል ተኩል ለሚያኖር ሰው የተጻፈ ነው ይህ! እኔ ይህን ፍርድ ባነበብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደሙ የፈላ ሌላም ነበር። ቱርጉድ ማርሻል ከዳኞቹ አንዱ ነበር። በ1967 ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲገባ በታሪኩ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት የጥቁሮችን መብት ይዞ ከከተማ ከተማ ሲሟገት የኖረ ጠበቃ ነው። ድህነትን ከደንበኞቹ ጓዳ ያውቃታል። በተቃውሞ ሐሳቡ ላይ፣ የምር ድሃ የሆነ ሰው ሲኒማ እንደማይገባ፣ አንድ ፓኮ ሲጋራም ለእሱ ቅንጦት ሊሆን እንደሚችል አስታወሳቸው። ዳኞች በሕገ መንግሥቱ ትርጉም ቢለያዩ ተገቢ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚኖር ሳያጣሩ ከግምት ተነስተው ሕገ መንግሥት መተርጎም ግን አሳፋሪ ነው አለ። ዳኛ ፖተር ስቱዋርትም በበኩሉ፣ በዚህ ፍርድ መሠረት አንዳንድ ድሆች ለመክሰር እንኳ የማይበቁ ድሆች ናቸው ማለት ነው ሲል አዘነ። አራት ሆነው ተቃወሙ፤ አራት ግን ከአምስት ያንሳል።

በሩ 32 ዓመት እንዲሁ ቆየ። በ2005 ኮንግረሱ የባንክራፕሲ ሕጉን ሲያሻሽል፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሚያዝያ ላይ ፈርሞበት ጥቅምት ላይ በሥራ የዋለው ያ ሕግ በብዙ ነገሩ በባለዕዳ ላይ የከበደ ነበር። የገቢ ፈተና አመጣ፤ ከመክሰርህ በፊት ትምህርት ውሰድ፣ ከከሰርክ በኋላም ሌላ ትምህርት ውሰድ አለ፤ የጠበቃውን ሥራ አበዛ፣ ዋጋውንም አስወደደ። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ለድሃው አንዲት አንቀጽ ገባችለት፦ መክፈል ለማይችል ሰው ዳኛው የመዝገቡን ክፍያ ሊምረው ይችላል። ክራስ የለመነው ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ዋጋ እንምጣ፤ ምክንያቱም ይህን የማወጋው ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። ከሜሪላንድ እስከ ሚኒሶታ፣ ከዴንቨር እስከ ሲያትል ዕዳ አንገቱ የደረሰ ወገን ሞልቶናል።

ለተራ ሰው ሁለት መንገዶች አሉ። ቻፕተር 7 የሚባለው ዕዳን በወራት ውስጥ የሚያሰርዘው ነው፤ የመዝገቡ ክፍያ 338 ዶላር ነው። ቻፕተር 13 ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በፍርድ ቤት በጸደቀ ዕቅድ እየከፈሉ የሚወጡበት ነው፤ መዝገቡ 313 ዶላር ያስከፍላል። ሁለቱ ግዴታ ትምህርቶች በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚሰጡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ይጠይቃሉ፣ አቅም ለሌለው ግን መቀነስ ወይም በነጻ መስጠት አለባቸው። ዋናው ሸክም ጠበቃው ነው። ለቀላል ቻፕተር 7 ብዙ ቦታ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ለቻፕተር 13 ከ3,000 በላይ ማለት የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የቻፕተር 7 ጠበቃ ገንዘቡን ጠቅልሎ የሚቀበለው መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይህን የሚያደርገው ልቡ ስለደነደነ አይደለም፤ ሳይከፈለው መዝገቡን ቢከፍት የእሱም ሒሳብ ከሌላው ዕዳ ጋር አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ ባለዕዳው ለመክሰር መቆጠብ ይጀምራል። አንድ ዓመት ሙሉ የሚቆጥብ አለ። ያን ዓመት ወለዱ ይወልዳል፣ ሰብሳቢዎቹ ይደውላሉ፣ ከደመወዙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቆረጥበታል። ግሮስ፣ ኖቶዊዲግዶና ዋንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ በቁጥር አሳይተውታል። መንግሥት በ2001 እና በ2008 ለሕዝቡ የታክስ ተመላሽ ቼክ ሲልክ፣ ቼኩ ከደረሰ በኋላ ባንክራፕሲ የሚያስመዘግበው ሰው ቁጥር ከፍ አለ። ገንዘብ ሲያገኙ ከሰሩ ማለት ነው። ለመክሰር የሚከፍሉትን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

መቆጠብ ያልቻለው ደግሞ በሌላው በር ይወሰዳል። ቻፕተር 13 የጠበቃውን ገንዘብ በዕቅዱ ውስጥ ከፋፍሎ ስለሚያስከፍል፣ በባዶ እጅ መጀመር ይቻላል ይባላል። ማስታወቂያውም ያንኑ ያጮኻል። ቤቱን ከሐራጅ ለማዳን ለሚፈልግ ሰው ቻፕተር 13 እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቤት የሌለው፣ መኪናው አሮጌ የሆነ፣ ዕዳው ክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ቢል ብቻ የሆነ ሰው፣ 338 ዶላርና የጠበቃ ቅድመ ክፍያ ስላጣ ብቻ የአምስት ዓመት ክፍያ ውስጥ ሲገባ በደል ነው እላለሁ። ብዙዎቹ ሳይጨርሱ መንገድ ላይ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁም ያልከፈሉት ዕዳ ሁሉ ይመለስባቸዋል፣ የከፈሉትም አይመለስም። ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከሚገቡት ውስጥ ጥቁሮች በርከት ብለው እንደሚገኙ ጽፈዋል። እኛም በዚያ አገር የምንቆጠረው ከእነሱ ጋር ነው።

በምሳሌ ላስረዳችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህት አለች እንበል። በአረጋውያን መጦሪያ ማታ ማታ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ታማ ሦስት ወር ከሥራ ቀረች፤ ኪራዩን በክሬዲት ካርድ ዘጋችው። ዛሬ የምታገኘው በዓመት 36,000 ዶላር ነው። የድህነት መስመሩ በ2025 ለሦስት ሰው ቤተሰብ 26,650 ዶላር ነበር፤ አንድ ጊዜ ተኩሉ 39,975 ይሆናል። የእሷ ገቢ ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ከፋፍላ መክፈልም እንደማትችል ካሳየች፣ የቻፕተር 7 መዝገብ ክፍያ እንዲማርላት ማመልከት ትችላለች። ፎርሙ ቁጥር 103ቢ ይባላል። ምሕረቱ ባይሰጣት 103ኤ አለ፤ ክፍያውን በአራት ጊዜ፣ በ120 ቀን ውስጥ እንድትከፍል ያስችላታል። ለጠበቃም ቢሆን፣ በየክፍለ ግዛቱ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሰዎችን በነጻ የሚረዱ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች አሉ፤ ጉዳዩ ያልተወሳሰበ ከሆነም አፕሶልቭ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ወረቀቱን በነጻ ያዘጋጃል። ይህች እህት ታዲያ ይህን ሳትሰማ ሁለት ዓመት ብትቆይ፣ የዘገየችበት ወለድ ከክፍያው ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስቡት።

መዝገቡ በተከፈተላት ቅጽበት ስልኩ ይቆማል። ሰብሳቢ እንዳይደውል፣ ደመወዝ እንዳይቆረጥ ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ከወር ገደማ በኋላ ትረስቲ ከሚባለው የንብረት ተቆጣጣሪ ጋር ትገናኛለች፤ አሁን አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮ ነው። መታወቂያዋንና የሶሻል ሴኩሪቲ ማስረጃዋን ታሳያለች፤ ቀኝ እጇን አንስታ ትምላለች፤ የጻፍሽው እውነት ነው ወይ፣ ያልጻፍሽው ንብረት አለ ወይ ይላታል። አማርኛ ተርጓሚ ከፈለገች በስልክ ይገባላታል፤ አትከፍልበትም። ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። አበዳሪዎች ይጠራሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይመጡም። ሌላ ችግር ከሌለ ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ዕዳው መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ይደርሳታል።

ሁሉም ዕዳ አይሰረዝም። የልጅ ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት ግብር፣ የመንግሥት ቅጣት፣ አብዛኛው የትምህርት ብድር ይቀራል። የክሬዲት መዝገቧ ላይም ቻፕተር 7 እስከ 10 ዓመት ይታያል። ይህም ዋጋ ነው።

ፎርሙ ላይ ያልተጻፈ፣ እኛን ለይቶ የሚነካ ዋጋም አለ። የእኛ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚከፍለው ለባንክ አይደለም፤ ላበደረው ወንድሙ፣ ለአክስቱ ልጅ፣ ለእቁቡ ነው። ይሉኝታችን እንዲህ ያዝዘናል፤ ደግ ልማድም ነው። ሕጉ ግን ባለዕዳው ከመክሰሩ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የከፈለውን ብድር ትረስቲው ከዘመዱ ላይ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። ለወንድምህ ውለታ የመለስክ መስሎህ ፍርድ ቤት ታቆመዋለህ። እቁብ በልተህ ያልጨረስከው መዋጮም ዕዳ ነው፤ ከባንኩ ጋር አብሮ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ፣ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ፣ በገዛ ፈቃድህ ለእቁብ ጓደኞችህ ብትከፍል የሚከለክልህ የለም። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው።

ዋስ ያለበት ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ዋሱን ያስብ። በመኪናው ብድር ላይ የፈረመልህ ጓደኛህ በአንተ ቻፕተር 7 ነጻ አይወጣም፤ አበዳሪው ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል። በቻፕተር 13 ለፍጆታ ብድር ዋስ የሆነው ሰው ዕቅዱ እስካለ ድረስ በመጠኑ ይጠበቃል። ዋስህን አስቀድመህ ቁጭ ብለህ ንገረው እንጂ ከደብዳቤ እንዲሰማ አታድርግ።

ከባዱ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም፣ ባሕር ዳር የተገዛው ቦታ፣ ባንክ የተቀመጠው ብር። ቅጹ የሚጠይቀው በየትኛውም የዓለም ክፍል ያለ ንብረትን ነው። በእናታችሁ ስም ቢሆንም ለጠበቃችሁ ንገሩት፤ እሱ ይመዝነው። በመሐላ መደበቅ የፌደራል ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ዕዳን ማሰረዝ ወንጀል አይደለም፤ ግሪን ካርድም ዜግነትም በዚህ ብቻ አይከለከልም፤ አሠሪም በዚህ ብቻ ሊያባርርህ አይችልም። መዋሸቱ ግን ይህን ሁሉ ያበላሻል። ብዙ ሰው በማያሳፍረው ነገር አፍሮ በሚያሳስረው ነገር ይደፍራል፤ እዚህ ላይ ልመናዬ የጠበቀ ነው።

ሌላው አደጋ በየመደብሩ ወረቀት እንሞላለን የሚሉት ናቸው። ጠበቃ ያልሆነ ሰው የባንክራፕሲ ቅጽ በክፍያ መተየብ ይችላል፤ የሕግ ምክር መስጠት ግን አይችልም። ቻፕተር 7 ይሻልሃል፣ ይህን አትጻፍ ካለህ ከሕግ ወጥቷል። የሞላውን ወረቀት መፈረም፣ የተቀበለውንም ገንዘብ ማሳወቅ አለበት። ስሜን አታንሳ የሚል ከሆነ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

በቀደመው ዘመን በአገራችን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ቁራኛ ይታሰር ነበር፤ አንዱ ሳይፈታ ሌላው አይፈታም። አያቶቻችን ዕዳን እንዲህ ያዩት ስለነበር፣ ልጆቻቸውን ከስረናል ማለት ቢያንቃቸው አልፈርድባቸውም። ዝምታው ግን ሰው እየበላ ነው። በስደት አገር ስንቱ ታክሲ ነጂ፣ ስንቷ የቤት ሠራተኛ፣ የዕዳ ሰብሳቢ ስልክ ፈርቶ ቁጥር እየቀየረ ይኖራል፤ ከትዳር ጓደኛው የሚደብቅም አለ።

ስለዚህ ቃሌ ለዕድር ዳኞች፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ አስተዳዳሪዎች፣ ለማኅበረሰብ ማእከሎች ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ለማድረስ በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ዶላር እንደምናዋጣ ታውቃላችሁ። በሕይወት ላለው ደግሞ በዓመት አንድ ቅዳሜ ስጡት። ከአካባቢያችሁ የነጻ ሕግ ድጋፍ ድርጅት አንድ የባንክራፕሲ ጠበቃ ጋብዙ፤ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ሰው አስቀምጡ፤ በሩን ዘግታችሁ ሰዉ አንድ በአንድ፣ ስሙ ሳይነሳ፣ እንዲጠይቅ አድርጉ። ፎርም 103ቢን አባዝታችሁ ጠረጴዛው ላይ አኑሩ።